ከልጅ ልጄ ጋር በደብሩ ደን

ልጄን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ቀበርኩት። የመኪና አደጋ ነበር። ትቶልኝ የሄደው ልጅ ያኔ 8 ዓመቱ ነው፤ እናቱ ባሕር ዳር ሥራ ላይ ስለሆነች ፍኖተ ሰላም እኔ ዘንድ ያድጋል። አባቱ ከተቀበረ በኋላ ይህ ልጅ መናገር አቆመ ማለት ይቻላል። ሲጠሩት ይመጣል፤ ብላ ሲሉት ይበላል። ሌሊት ግን መብራት እንዳናጠፋበት ይለምናል፤ አልፎ አልፎም ፍራሹን አርጥቦ ያድራል። ትምህርት ቤት አስተማሪው ስትጠይቀው መልሱን እያወቀ ዝም ይላል።

እኔ 34 ዓመት በነርስነት ያገለገልኩ ሰው ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ሰፈሩ እስከ ዛሬ “ሲስተር” እያለ ነው የሚጠራኝ። ቡሬ ሠርቻለሁ፤ ፍኖተ ሰላም ሠርቻለሁ፤ በገጠር ጤና ጣቢያ በፋኖስ ብርሃን አዋልጃለሁ። ቁስል ማጠብ፣ ትኩሳት ማውረድ፣ የደነገጠች እናት ማረጋጋት አውቃለሁ። የራሴ የልጅ ልጅ ግን አቃተኝ። ማታ ማታ አጠገቤ አስቀምጬ “ምን ይሰማሃል? ንገረኝ እስቲ ዓይኔ” እለዋለሁ። ሐዘንተኛን አናግሩ ተብለን ነው የተማርነው። ልጁ ግን በጠየቅሁት ቁጥር ይበልጥ ይቋጠራል። አሁን ሳስበው ጥያቄው ለእርሱ ሳይሆን ለእኔው ነበር። እኔም ልጄን ቀብሬያለሁና የሚያወራኝ ሰው ፈልጌ ነው።

የ40 ቀኑ ተዝካር ሰኔ መጀመሪያ ላይ ዋለ። የሐዋርያት ጾም ገብቶ ስለነበር ድግሱ የጾም ነው። ፍትሐቱ አልቆ ሰው ሁሉ ደጀ ሰላሙ ውስጥ በመብሉና በጠላው ተጠምዶ ሳለ ልጁ ጠፋ። ከመቃብሩ አካባቢ አጣሁት፤ ከምንጩ መውረጃም አጣሁት። በመጨረሻ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ደኑ ጠቆር ከሚልበት፣ ከአንድ ትልቅ ዝግባ ሥር አገኘሁት። መዳፉን ግንዱ ላይ ለጥፎ ጉንዳኖች ሲወጡና ሲወርዱ ያያል። ልቆጣው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ፊቱን ሳይ ግን ተውኩትና አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ምናልባት ሩብ ሰዓት ያህል ዝም ብለን ተቀመጥን። ከዚያ ሳላስበው፣

“እማዬ፣ ይህ ዛፍ አባዬ ሳይወለድ ነበረ?” አለኝ።

“እኔም ሳልወለድ ነበረ።”

“አባዬን ያውቀዋል?”

ምን ልበል? አባቱ ልጅ ሆኖ በዚሁ ግቢ ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሯል። ከዚሁ ዝግባ ሥር ሲላፋ ነጠላውን ቀዶ መጥቶ ገርፌዋለሁ። ይህንኑ ነገርኩት። አባቱ መገረፉን ሲሰማ ሳቀ። ከተቀበረ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንሄዳለን። የምናደርገው ነገር ለወሬ የሚበቃ አይደለም። ስልኬን ቤት እተወዋለሁ። ከበሩ ደርሰን እንሳለማለን፤ ከዝግባው ሥር ጋቢ አንጥፌ እቀመጣለሁ፤ ቆሎ ይዘናል። ራሴ ላይ አንድ ደንብ አውጥቻለሁ፤ እርሱ መጀመሪያ ካልተናገረ እኔ አልጠይቅም። ይህ ለእኔ ቀላል አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ “የት ነው የሚያምህ? ከመቼ ጀምሮ?” እያልኩ የኖርኩ ሴት ነኝ። አንዳንድ ቅዳሜ አንድ ቃል ሳንለዋወጥ መሽቶብን ተመልሰናል። ሌላ ቀን ደግሞ መንገዱን ሙሉ ያወራል፤ ስለ አባቱ ሳይሆን ስለ ጉሬዛ። ጉሬዛዎቹ ከላይ ነጭ ካባ እንደ ደረበ ካህን ሆነው ተቀምጠው ወደ ታች ያዩናል። “እነርሱም ቅዳሜን ያከብራሉ?” ብሎ ጠይቆኛል። ሳያከብሩ አይቀሩም አልኩት።

ያሳፈረኝን ነገር ልንገራችሁ። ልጁ ዛፍ እያሳየ “ይህስ ምን ይባላል?” ይለኛል። ዋንዛን፣ ዋርካን፣ ብሳናን፣ ወይራን፣ ጽድን፣ ዝግባን ነገርኩት፤ ከዚያ አለቀብኝ። እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ያረጀሁ ሴት! እንቆቆ ጠጥተው ሆዳቸውን ታመው የመጡ ስንት ሰዎችን ተቀብያለሁ፤ ሐረጉን ግን ከዛፍ ላይ ሲጠመጠም አላውቀውም ነበር። ያዳነኝ የደብሩ ጥበቃ ነው። እርሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ ነገር ግን የትኛው ቅጠል ለከብት፣ የትኛው ሥር ለቁርጠት፣ የትኛው እንጨት ለሞፈር፣ የትኛው ለከበሮ እንደሚሆን እየነኩ ያሳዩናል። የማኅሌቱ ከበሮ ከዋንዛ ግንድ እንደሚቦረቦር ልጄ የተማረው ከእርሳቸው ነው። ከዚያ ወዲህ እሑድ ከበሮ ሲመታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ “ዋንዛ” ይለኛል።

የኔታ ደግሞ ሌላ ነገር ሰጡት። ልጁ ትምህርቱን በጣም ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር፤ “አልችልም” ማለት ለምዷል። አንድ ቅዳሜ የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው አጠገባችን ቆሙና ጉንዳኑን ሲመለከት አይተው ስለ ቅዱስ ያሬድ አጫወቱት። ያሬድ ልጅ ሳለ ትምህርት አልገባ ብሎት፣ መምህሩ ቢቀጡት ሸሽቶ ሄደ። ማይ ኪራሕ በተባለ ሥፍራ ከዛፍ ሥር አርፎ ሳለ አንድ ትል ግንዱን ለመውጣት ሲታገል አየ። ትሉ ይወጣል፣ ይወድቃል። ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ወጣ። ያሬድ ያንን አይቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ፤ ኋላም ዜማን ያቀናልን ሊቅ ሆነ። አብዛኞቻችሁ ታሪኩን ታውቁታላችሁ፤ እኔም አውቀዋለሁ። ነገር ግን በክፍል ውስጥ መስማትና ከዛፍ ሥር፣ ትል በሚሄድበት ግንድ አጠገብ፣ መስማት አንድ አይደለም። ልጁ ያን ቀን እስኪመሽ ድረስ ትል ሲፈልግ ዋለ።

እናቱን ለመጠየቅ ወደ ባሕር ዳር ስንሄድ በአውቶቡስ መስኮት የምንጫወተው ጨዋታም ከዚህ የመጣ ነው። ከፍኖተ ሰላም በማንኩሳ፣ ያው የ“ፍቅር እስከ መቃብር”ዋ ማንኩሳ፣ አልፈን ቡሬ እንደርሳለን። ከዚያ ኮሶበር፣ ዳንግላ፣ መራዊ። ሁለቱም ዳር እርሻ ነው፤ በቆሎ፣ ጤፍ፣ ዳጉሳ። መራዊ አካባቢ ቆጋ ሲደርሱ ወደ 7,000 ሄክታር የሚያጠጣው መስኖ አለ፤ ዙሪያው ደግሞ ባሕር ዛፍ በባሕር ዛፍ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል፣ አንድ ጉብታ ላይ ክብ ሆኖ የጠቆረ ደን ከታየ፣ ያ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጣሪያው ሳይታይ ደኑ ይታያል። ልጁ በግራ ያለውን ይቆጥራል፣ እኔ በቀኝ ያለውን። ሁልጊዜ እርሱ ያሸንፋል፤ ዓይኔ ደክሟል።

ባሕር ዛፍን አልረግምም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ ስንት ቤት ሠርቷል፣ ስንት ልጅ አስተምሯል፣ የስንት ወላድ ገንፎ በእርሱ በስሏል። ነገር ግን ማንም ሰው ልጁን ይዞ ባሕር ዛፍ ሥር ሊያርፍ ሲሄድ አላየሁም። ወፉም አይሄድም። አገር በቀሉን ዛፍ ያቆየልን በአብዛኛው የደብርና የገዳም አጥር ነው። የአካባቢያችን ካህናት ደኑ የቤተ ክርስቲያን ልብስ ነው ይላሉ፤ ዛፍ የሌለው ደብር እንደ ተራቆተ ሰው ነው። ሙታን ያርፉበታል፣ የቆሎ ተማሪ ይቀጽልበታል፣ ባሕታዊ ይሸሸግበታል፣ ንብ ሰም ይሠራበታል፤ ሰሙም ጧፍ ሆኖ ይመለሳል።

በክረምቱ፣ ሐምሌ 2015 ላይ፣ ልጁ ዛፍ ልትከል አለኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም በደንቤ መሠረት አልጠየቅሁም። አለቃውን አስፈቅደን ከችግኝ ጣቢያ አንዲት የዋንዛ ችግኝ ገዝተን ከዝግባው ትንሽ ራቅ ብሎ ገላጣ ቦታ ላይ ተከልናት። ክረምቱን ጥሩ ያዘች። ጥቅምት ላይ አንድ ቅዳሜ ስንሄድ ግን ግንዷ ብቻ እንደ እርሳስ ቆሞ አገኘነው። ጥጃ ገብቶ በልቷታል። ልጁ አላለቀሰም፤ ሄዶ ከዝግባው ሥር ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ። ያን ቀን ከሰኔ በፊት ወደነበረው ዝምታው የተመለሰ መስሎኝ ቤት ገብቼ እኔው አለቀስኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አላጠርኩላትም።

ይህ የእኛ ችግኝ ብቻ ዕጣ እንዳልሆነ የተረዳሁት በኋላ ነው። ብዙዎቻችሁ “እመጓ”ን ያነበባችሁ፣ ደራሲው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያቸው የደን ተመራማሪ መሆናቸውን ልብ ላትሉ ትችላላችሁ። የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድስ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ አቅርበውታል። በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናትን እየዞሩ ሲቆጥሩ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ አግኝተዋል፤ ከእነዚህ 160ዎቹ አገር በቀል ናቸው። አሳሳቢ ሆኖ የተገኘው ትልልቆቹ ዛፎች ሳይሆኑ ከሥራቸው የሚበቅሉት ናቸው። ዘሩ ይወድቃል፣ ይበቅላል፤ ከብት ገብቶ ይበላዋል ወይም ይረግጠዋል። ሽማግሌ አለ፤ ልጅ የለም። ይህን ሳነብ መነጽሬን አውልቄ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ዶክተሩ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከማርጋሬት ላውማን ጋር ሆነው ከካህናቱና ከገበሬው ጋር የመከሩት መላ በጣም ቀላል ነው። ገበሬው ከማሳው ለቅሞ የሚጥለው ድንጋይ አለ፤ እርሱን ሰብስቦ በደኑ ዙሪያ መካብ። ማሳው ከድንጋይ ይጸዳል፣ ደኑ ከከብት ይድናል። በር ይበጅለትና ሰው ይገባል፣ ጥጃ አይገባም። በደቡብ ጎንደር በዚህ ዓይነት የታጠሩ ደኖች ውስጥ ቡቃያው ተመልሶ መጥቷል። እኛ ወገን ያለ አያት ሁሉ የሰበካ ጉባኤ አባል ነው ወይም የአባሉ ዘመድ ነው። በስብሰባ ላይ ስለ ቆርቆሮና ስለ ድምፅ ማጉያ ስንወያይ አንድ ቀን ስለ ካብም ብናነሳ ምን ይመስላችኋል? ለገቢ ብለን በደኑ ጠርዝ ባሕር ዛፍ የምንተክለውንም ነገር እግረ መንገዳችንን።

ያ ጥቅምት ግን በሌላም ነገር ከባድ ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በክልላችን የሆነውን አንባቢ ስለሚያውቀው አልዘረዝረውም። ትምህርት ቤት ተዘግቶ የቆየባቸው ወራት ነበሩ። ቅዳሜም ሆኖ ከበር ያልወጣንባቸው ቅዳሜዎች ብዙ ናቸው። ተኩስ በተሰማ ቀን ልጁ ወደ ጓሮ ወጥቶ ከጌሾዋ ግንድ ላይ መዳፉን ለጥፎ ቆሞ አገኘሁት፤ ልክ ዝግባው ላይ እንደሚያደርገው። ጎትቼ ወደ ቤት አስገባሁት፤ መሆን ያለበትም ይኸው ነው፤ ተኩስ ባለበት ሰዓት ልጅ የሚውለው ከግድግዳ ጀርባ ነው። ነገር ግን ምን እየፈለገ እንደወጣ ገብቶኛል። ጸጥ ሲል አብረን ወጥተን ከጌሾዋ ሥር ተቀመጥን። ጤናዳሙንና ዳማ ከሴውን እያሸተተ ጭኔ ላይ እንቅልፍ ወሰደው።

ወሩ የጽጌ ወር ነበር። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብጽ መሰደዷ የሚታሰብበት፣ ሜዳው በአበባ ተሸፍኖ ማኅሌተ ጽጌ የሚቆምበት ጊዜ ነው። ይህ የአበው ሥራ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ከስደት የከፋ ምን አለ? እነርሱ ግን የስደቱን መታሰቢያ በዓመቱ ውስጥ ምድር በጣም ባማረችበት ሰሞን አኖሩት። በዚያ ዓመት የደብሩ ግቢ ከየቀያቸው ተፈናቅለው ከዘመድ የተጠጉ ልጆች ነበሩበት። እኔ ታሪኩን ለልጄ ስነግረው አንዲት ትንሽ ልጅም ከጋቢው ጫፍ መጥታ ተቀመጠች።

“አባትየውስ?” አለ ልጄ።

አረጋዊው ዮሴፍ እንደነበሩ፣ ሰሎሜም አብራቸው እንደ ተሰደደች ነገርኩት። ትንሽ አሰበና “ሰሎሜ እንደ አንቺ ናት” አለኝ። ልጅቷ ደግሞ የእነርሱ ግቢ ትልቅ ሾላ እንዳለው፣ ፍሬው ሲበስል ማንም እንደማይከለክላት ተናገረች። ሁለቱ ስለ ሾላ ሲከራከሩ እኔ ከወሬው ወጣሁ።

እንግዲህ በነርስነቴ ደግሞ ልናገር። ዛፍ ሐዘን ይፈውሳል ብዬ አልጽፍም። ልጁ ፍራሽ ማርጠቡን ለሐዘን ብቻ ሰጥቼ አልተቀመጥኩም፤ ሽንቱንና ስኳሩን አስመርምሬያለሁ፤ ባሕር ዳር ወስጄም ባለሙያ አይቶታል። ልጃችሁ ከሳምንታት በኋላም እንቅልፍ ካጣ፣ ከከሳ፣ ጨርሶ መጫወት ከተወ፣ “ወደ አባዬ ልሂድ” ዓይነት ንግግር ከጀመረ፣ ደኑ ይቆያል፤ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

ጠበልም እንዲሁ ነው። እኛ አገር ደንና ጠበል አይለያዩም። በሰከላ የግሽ ዓባይን ምንጭ ያየ ያውቀዋል፤ ያ ታላቅ ወንዝ ከቅዱስ ሚካኤልና ከአቡነ ዘርዐ ብሩክ ደብር አጠገብ እንደ ትንሽ ጉድጓድ ሆኖ ይፈልቃል፤ ሰው ሳይበላ ሳይጠጣ ቀርቦ ይጠመቅበታል። እኔም ተጠምቄበታለሁ። ነገር ግን በሥራዬ ዘመን የደም ግፊት ኪኒናቸውን ቤት ትተው ሁለት ሳምንት ጠበል የሰነበቱ አባት ግማሽ ጎናቸው ደርቆ በቃሬዛ ሲመጡ ተቀብያለሁ። ስለ ጠበሉ አንዳች ክፉ የለኝም፤ ክፉው ኪኒናው ቤት መቅረቱ ነው። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ አስተምረዋል። የስኳርና የግፊቱም ነገር ከዚህ አይለይም። አያቶች፣ ኪኒናችሁን በነጠላችሁ ጫፍ ቋጥሩ። መጠጫም የየራሳችሁን ኩባያ ያዙ። ልጆቹ በግቢው በባዶ እግራቸው ከዋሉ ቤት ስትደርሱ እግራቸውን በሳሙና እጠቡ፤ በሌላ ጊዜ ጫማ ይልበሱ። በቀይ አፈር ላይ ዘመኑን ሙሉ በባዶ እግሩ የሄደ ሰው እግሩ አብጦ እንዴት እንደሚሠቃይ ጎጃም ውስጥ ያላየ የለም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ በልቤ የማስቀምጠው አንድ ጥናት አለ። ሮጀር ኡልሪክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 “ሳይንስ” በተባለው መጽሔት ያወጣው ነው። በፔንሲልቬንያ በአንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሕሙማን መዝገብ መረመረ። ግማሾቹ የተኙበት ክፍል መስኮት ዛፍ ያሳያል፤ የቀሩት ግማሾች የሚያዩት የጡብ ግድግዳ ነው። ዛፍ የሚታያቸው ወደ አንድ ቀን ገደማ ቀድመው ወጡ፤ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። 46 ሰው ብዙ አይደለም። የነካኝ ግን ሌላ ነው፤ ተመራማሪው ካገላበጣቸው ማስረጃዎች አንዱ ነርሶች በካርድ ላይ የጫሩት ማስታወሻ ነበር፤ ሕመምተኛው አለቀሰ፣ ብዙ ማበረታታት ይፈልጋል የሚለው ዓይነት። ስንት ዓይነት ይህን ማስታወሻ በሌሊት ተረኛነት ጽፌ ማን ያነበዋል ብያለሁ። ሕሙማኖቼ በየትኛው መስኮት በኩል ተኝተው እንደነበር አንድም ቀን ልብ ብዬ አላውቅም።

አዲስ አበባ ያላችሁ “እኛ ደን ከየት እናምጣ?” ትሉ ይሆናል። እናንተ ዘንድ ያሉት አድባራት ግቢም ጽድና ወይራ አያጡም። ራቅ ካላችሁ መናገሻ ሱባ አለ፤ ጽዱን በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘሩን ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ኮንዶሚኒየም ሰገነት ላይ ያለች አንዲት ጤናዳምም ከምንም ትሻላለች፤ ጌሾዋ ለእኛ በክፉ ቀን ምን እንደሆነች ነግሬያችኋለሁ። ነገሩ የክርስቲያን ብቻም አይደለም። ቡሬ ስሠራ ጎረቤቴ የነበሩት ሙስሊም እናት፣ ቂያማ ሲመጣ እንኳ በእጅህ ችግኝ ካለ ትከለው የሚለውን የነቢያቸውን ትምህርት ነግረውኛል። ያን ጊዜ አዳምጬ አለፍኩት። ልጄ ከሞተ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ።

በሚያዝያ 2016 ሙት ዓመቱ ሲደርስ ድግሱን አሳንሰን ነበር፤ ዘመኑም አይፈቅድም። ልጁ መጥቶ “ዛፏን እንደገና እንትከላት?” አለኝ። ዝናቡን ጠብቀን ሐምሌ ላይ ሌላ ዋንዛ ተከልን። በዚህኛው ጊዜ ጥበቃው የቀጋና የአጋም እሾህ ቆርጠው ሰጡን፤ ልጁ ከወንዝ ዳር ድንጋይ እያመላለሰ ዙሪያዋን ካበላት። ያቺ ሾላ የናፈቀቻት ልጅም አብራ ካበች። ከዚያ ወዲያ መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም፤ አንድ ማታ ከጓዳ ስመለስ የልጁ መብራት ጠፍቶ አገኘሁት። አምፖሉ ተቃጠለ ብዬ ማብሪያውን ብጫነው ቦግ አለ። “እማዬ፣ አጥፊው እንጂ” አለኝ ከብርድ ልብሱ ሥር።

አሁን 10 ዓመቱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ዋንዛዋን በቀርከሃ ይለካታል፤ በየወሩ ቀርከሃው ላይ በምላጭ ምልክት ያደርጋል። ባለፈው ቅዳሜ ከትከሻው አልፋለች። እኔ ከዝግባው ሥር ተቀምጬ ስለ አባቱ አንድ ነገር ልነግረው ስጀምር ሰማዩ ጠቆረና ነጎድጓድ ተሰማ።

“መንገድ ላይ ትነግሪኛለሽ” አለና ጉልበቴ እንደማይታዘዝልኝ ስለሚያውቅ ሁለት እጁን ዘረጋልኝ።